ነባር ኮምፒዩተሮችን ከተቀጥላ መሣሪያዎች ጋር ስለ ማገናኘት

በንግድ ቤቶቻችን፥ በመጋዘኖቻችንና በላኪዎች ጽሕፈት ቤት ውስጥ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት አገልግለው ዛሬም ሥራቸውን ሳያጓድሉ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች እንደሚገኙ የታወቀ ነው። ከእነርሱ ጋር በገመድ የተያያዙት ሚዛኖች፥ የደረሰኝ ፕሪንተሮችና የባርኮድ ማንበቢያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ዕድሜያቸው የረዘመ ነው። ከባድ መኪና የሚመዘንበት የምድር ሚዛን በደንብ ከተያዘ ሦስትና አራት ኮምፒዩተር ያሳልፋል።

ችግሩ የሚመጣው ከሁለቱ አንዱ የተበላሸ ዕለት ነው። ኮምፒዩተሩ ይለወጣል፤ አዲሱ ግን የሚዛኑን ገመድ የሚቀበልበት መሰኪያ የለውም። ወይም ፕሪንተሩ ይለወጣል፤ ነባሩ ኮምፒዩተር አዲሱን ፕሪንተር አያውቀውም። በዚህ ጊዜ ብዙው ነጋዴ ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ ሁሉንም ጥሎ በአዲስ መለወጥ፥ አለዚያም ከቅርብ ሱቅ አንድ አዳፕተር ገዝቶ ዕድሉን መሞከር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የፊተኛው መንገድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለአስመጪዎቻችን መንገር አያሻም። የኋለኛውም ቢሆን ርካሽ ይመስላል እንጂ ርካሽ አይደለም። የማይሠራው አዳፕተር ዋጋው ጥቂት ነው፤ ሚዛኑ ቆሞ የዋለበት ቀን፥ ቡና የጫነው መኪና በር ላይ ተሰልፎ ያደረበት ሌሊት ግን ዋጋው ብዙ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ገዢውም ሻጩም ሊያውቀው የሚገባውን እንገልጻለን። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ቢኖር፥ የገመዱ ጫፍ ከመሰኪያው ጋር መግጠሙ ብቻውን መሣሪያዎቹ ተግባቡ ማለት እንዳልሆነ ነው። ቅርጹ ይገጥምና የኤሌክትሪኩ ኃይል ይለያያል፤ ኃይሉም ይስማማና ቋንቋው ይለያያል። ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ቢጨባበጡም ያለ ቱርጁማን ውል ሊዋዋሉ እንደማይችሉ ሁሉ፥ ሁለት መሣሪያዎችም በገመድ ስለ ተያያዙ ብቻ አይነጋገሩም።

ከነባሮቹ መሰኪያዎች ሁሉ በንግድ ሥራ ላይ እጅግ የበዛው ሴሪያል የሚባለው ነው። ደንቡ አርኤስ-232 ተብሎ በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፥ ያን ጊዜ የታሰበው ለቴሌታይፕና በስልክ መስመር መልእክት ለሚያስተላልፈው ሞደም ነበር። በመጀመሪያ ሃያ አምስት እግር ነበረው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ኤቲ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ ወደ ዘጠኝ እግር አሳጠረው። ዛሬ በሚዛን ማሳያዎች፥ በላቦራቶሪ መሣሪያዎችና በቆዩ የባርኮድ ማንበቢያዎች ላይ የምናየው ይኸው ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ደንብ እስከ ዛሬ መኖሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ቀላል ነው፥ ርካሽ ነው፥ እስከ 15 ሜትር ያህልም ገመድ ይችላል። ከዚያ ለሚርቅ ቦታ፥ ለምሳሌ ሚዛኑ በግቢው በር፥ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ በግቢው መጨረሻ ለሆነበት መጋዘን፥ እስከ 1,200 ሜትር የሚሄደው አርኤስ-485 የተባለው ዐይነት ይመረጣል። ሁለቱ በቅርጽ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በኤሌክትሪክ ግን አይገናኙም፤ በመካከላቸው መለወጫ ያስፈልጋል።

የሴሪያል ገመድ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሁለተኛውና በሦስተኛው እግር ነው። በኮምፒዩተሩ ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ ላይ 2ኛው እግር የሚቀበል፥ 3ኛው እግር የሚልክ ነው። ሚዛኑም በዚሁ አኳኋን የተሠራ ከሆነና ገመዱ ቀጥታ ከሆነ፥ ላኪው ከላኪ፥ ተቀባዩም ከተቀባይ ይጋጠሙና ሁለቱም ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሁለቱ መስመሮች የተሻገሩበት ገመድ ነው። በባለ ሃያ አምስቱ እግር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 2ኛው ላኪ፥ 3ኛው ተቀባይ ይሆናል። ስለዚህ ባለሱቁ ቀጥታውንና የተሻገረውን ገመድ ለይቶ በየመደርደሪያው ቢያስቀምጥና ስማቸውን ቢጽፍባቸው ከብዙ ክርክር ይድናል። ሁለቱ ገመዶች በውጭ ሲታዩ አንዳች ልዩነት የላቸውምና።

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ ፍጥነቱና የመልእክቱ አሠራር በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት። በብዙ ሚዛን ላይ የሚገኘው በሰከንድ 9,600፥ ስምንት ቢት፥ ያለ ፓሪቲ፥ አንድ ማቆሚያ የተባለው ነው፤ ነገር ግን ግምት አይበቃም፤ የመሣሪያው መጽሐፍ መታየት አለበት። በማሳያው ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ከታዩ ፍጥነቱ ስላልተስማማ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ምንም ካልታየ ግን ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከአዳፕተሩ ዘንድ ሳይሆን አይቀርም።

አዲስ ኮምፒዩተር ሴሪያል መሰኪያ ስለሌለው፥ ዛሬ ገበያው ላይ የሚሸጠው ከዩኤስቢ ወደ ሴሪያል የሚለውጥ ገመድ ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርገን መናገር የምንፈልገው ነገር አለ፤ የአስመጪዎቻችን ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

በዚህ ገመድ ጫፍ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እርስዋ ናት። የታወቁት የእስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ፥ የታይዋኑ ፕሮሊፊክና የቻይናው ሲኤች340 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ኤፍቲዲአይና ፕሮሊፊክ እጅግ ተመስለው ይሠራሉ። አስመሳዩ ቺፕ ላይ የእውነተኛው ስም ታትሞበታል፤ በውጭ ቢታይ አይለይም፤ ብዙ ጊዜም ሲሸጥ ይሠራል። ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ኤፍቲዲአይ ያወጣውና በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የተሰራጨው ድራይቨር፥ አስመሳይ ቺፖችን ባገኘ ጊዜ መለያ ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ስለ ለወጠው ኮምፒዩተሩ ዕቃውን ማወቅ ተወ። ትናንት ይሠራ የነበረ አዳፕተር ዛሬ ሞቶ ተገኘ። ጩኸት በመነሣቱ ድራይቨሩ ከማሻሻያው ተነሣ፤ የተጎዳው ግን አስመሳዩን የሠራው ሳይሆን ሳያውቅ የገዛው ነበር። ፕሮሊፊክም በበኩሉ አዲሱ ድራይቨሩ አስመሳዮችን ብቻ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራቸው የቆመ የራሱን አሮጌ ቺፖችም እንዳይቀበል አደረገ፤ ገዢውን ወደ አቅራቢው ሂድ ይለዋል። አቅራቢው ማን ነው? በርግጥ መጨረሻ ላይ ጣት የሚቀሰርበት እዚሁ መርካቶ ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠው ነጋዴ ነው።

በዚህ ምክንያት አንድ አስመጪ በጅምላ ሲያዝ «ከዩኤስቢ ወደ ሴሪያል ገመድ» ብሎ ብቻ መጻፉ አይበቃውም። የቺፑን ስምና ሞዴል በፕሮፎርማው ላይ ማስጻፍ፥ ዕቃው የተባለው ሆኖ ባይገኝ እንዲመለስ መዋዋል ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት፥ አስመሳይ ኤፍቲዲአይ ከማስመጣት ይልቅ በስሙ የሚሸጥ ሲኤች340 ማስመጣት ይሻላል፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፥ ስሙም የራሱ ነው።

ባለሱቁ ደግሞ ሚዛን ሳያስፈልገው አዳፕተሩን በደንበኛው ፊት ሊፈትነው ይችላል። ከአዳፕተሩ ጫፍ ላይ 2ኛውንና 3ኛውን እግር በአጭር ሽቦ ያያይዛል፤ እንደ ፑቲ ያለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይከፍትና መቈጣጠሪያውን ዘግቶ በኪቦርዱ ላይ ፊደል ይመታል። የተመታው ፊደል ተመልሶ በስክሪኑ ላይ ከታየ አዳፕተሩ ደኅና ነው፤ ሽቦው ሲነሣ ፊደሉም መታየቱን ይተዋል። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ደንበኛው ወደ ቤቱ ሄዶ ሚዛኑ አልሠራ ቢለው፥ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከፍጥነቱ እንጂ ከሱቁ ዕቃ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ሌላው የተለመደ እንቅፋት የመሰኪያው ቁጥር ነው። ዊንዶውስ አዲሱን አዳፕተር ኮም 5 ወይም ኮም 7 ብሎ ሊሰይመው ይችላል፤ የቆየው የሚዛን ፕሮግራም ግን ከኮም 1 እስከ ኮም 4 ካለው በስተቀር ሌላ አያይም። ቁጥሩን በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ መለወጥ ይቻላል። ብዙ አዳፕተር «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመለሰው ይህን ባለማወቅ ነው። አዳፕተሩን ሁልጊዜ በአንድ መሰኪያ ብቻ መሰካትም ይበጃል፤ በሌላ ሲሰካ ቁጥሩ ሊለወጥ ስለሚችል።

ከዚህ ጋር አብሮ መጠንቀቅ የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የሚሸጡ፥ በ3.3 ወይም በ5 ቮልት የሚሠሩ ትንንሽ መለወጫዎች አሉ። እነርሱም ከዩኤስቢ ወደ ሴሪያል ተብለው ይጠራሉ። የሚዛኑ አርኤስ-232 ግን ከዜሮ በላይና በታች እስከ 15 ቮልት ድረስ ሊልክ ስለሚችል፥ ሁለቱ የተገናኙ እንደ ሆነ መለወጫው ይቃጠላል። በአንድ ሣጥን ቀላቅሎ ማስቀመጥ አይገባም።

ኮምፒዩተሩ ትልቁና ሊከፈት የሚችለው ዐይነት ከሆነ፥ ከአዳፕተር ይልቅ በውስጡ የሚገጠም የሴሪያል ካርድ እንመርጣለን። አይነቀልም፥ ቁጥሩ አይለዋወጥም፥ ማንም በእግሩ አደናቅፎ አያወልቀውም። ነገር ግን ከመግዛት በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ የኮምፒዩተሩ መግጠሚያ የቆየው ፒሲአይ ነው ወይስ አዲሱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ? ሁለቱ አይገጣጠሙም። ሣጥኑስ ሙሉ ቁመት ነው ወይስ ቀጭን? ለቀጭኑ አጭር የብረት መያዣ ያለው ካርድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ፕሪንተር እንምጣ። በካርቦን ተባዝቶ የሚቈረጥ ደረሰኝ፥ የመጋዘን ማስረከቢያና የጭነት ማዘዣ የሚያትም ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ባለ ሦስትና አራት ቅጂ ወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ለማተም ወረቀቱን የሚመታ ፕሪንተር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዶት ማትሪክስ የሚባለው ነው። ሌዘር ፕሪንተር ወረቀቱን ስለማይመታ በሥር ያለውን ቅጂ አያትምም። ስለዚህ ኤፕሰን ኤልኤክስ-300ን የመሳሰሉት ዛሬም ከየጠረጴዛው አልወረዱም። እነዚህ የሚገናኙት በፓራሌል መሰኪያ ነው። ይህን ዐይነት መሰኪያ ሴንትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ለራሱ ፕሪንተሮች ያወጣው ሲሆን፥ በፕሪንተሩ በኩል ሠላሳ ስድስት እግር፥ በኮምፒዩተሩ በኩል ሃያ አምስት ቀዳዳ አለው።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያሻል። በተለመደው ኮምፒዩተር ጀርባ ላይ ያለው ባለ ሃያ አምስት ሴቴ መሰኪያ የፓራሌል፥ ባለ ሃያ አምስት ወንዴው ደግሞ የሴሪያል ነው። በቀድሞዎቹ የአፕል ማኪንቶሾች ላይ ግን ባለ ሃያ አምስት ሴቴው ስከዚ የተባለው የዲስክ መሰኪያ ነበር፤ ፕሪንተር የሰካበት ሰው መሣሪያውን ሊጎዳ ይችላል። ከውጭ በጨረታ ተቀላቅሎ የሚገዛ ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ እንዲህ ያሉ እንግዶች ያጋጥሙታል። ሰን የተባለው ኩባንያ ለመሐንዲሶች ይሠራቸው የነበሩት ኮምፒዩተሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በብዙዎቹ የስክሪናቸው መሰኪያ ከተለመደው የተለየ ነው፥ የቆየው ኪቦርዳቸውም ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አይሠራም። ኪቦርዱና የስክሪን ገመዱ ከሌለ ለእኛ ገበያ አይሆኑም።

ከዩኤስቢ ወደ ፓራሌል የሚለውጠው ገመድ ፕሪንተርን ያሠራል፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ ለደንበኛ ሊሰጥበት አይገባም። የሂሳብ ፕሮግራሞች እንዳይገለበጡ በፓራሌል መሰኪያ ላይ የሚተከለውን ቁልፍ፥ ዶንግል የሚሉትን፥ በዚህ ገመድ ማሠራት አይቻልም፤ የቆዩትንም ስካነሮች እንዲሁ። በዶስ ዘመን የተጻፉ የሂሳብና የዕቃ መዝገብ ፕሮግራሞችም ቀጥታ ኤልፒቲ 1 ወደሚባለው መሰኪያ ስለሚጽፉ፥ በዩኤስቢ የተሰካውን ፕሪንተር አያዩትም። ለዚህ መፍትሔ አለ። ፕሪንተሩ በኔትወርክ ላይ እንዲታይ ይደረግና፥ ወደ ኤልፒቲ 1 የሚላከው ሁሉ ወደዚያ ስም እንዲዞር ኮምፒዩተሩ ይታዘዛል። ባለሙያ ለሆነ ሰው የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።

ሆኖም ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ፕሪንተሩ የቆየውን ቋንቋ የሚሰማ እንደ ሆነ ነው። በርካሽ የሚሸጡ ብዙ የሌዘር ፕሪንተሮች የራሳቸው አእምሮ የላቸውም፤ ገጹን የሚሥልላቸው ዊንዶውስ ነው። ለእነዚህ ምንም ዐይነት ገመድ ቢገዛ ከዶስ ፕሮግራም አያትሙም። ደንበኛው የቆየ ፕሮግራም አለኝ ካለ ፒሲኤል ወይም የኤፕሰንን ኢኤስሲ/ፒ የሚረዳ ፕሪንተር ይሰጠው። እንዲሁም ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችን ፈጽሞ እንደማያሠራና ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት እትም እንደሌለው ማወቅ ያሻል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ኮምፒዩተር የሚለውጡ ሁሉ ይህ ያገኛቸዋል። የሚዛኑን ወይም የደረሰኙን ፕሮግራም የያዘውን ነባሩን ኮምፒዩተር ለዚያው ሥራ ብቻ ማቆየት ነውር አይደለም። ኢንተርኔት እንዳይገናኝበት፥ ከየሰው ኪስ የወጣ ፍላሽም እንዳይሰካበት ግን ያስፈልጋል።

የባርኮድ ማንበቢያን በተመለከተ ለባለሱቆች ደስ የሚያሰኝ ነገር አለን። ብዙዎቹ ማንበቢያዎች፥ ለምሳሌ ሲምቦል ኤልኤስ2208፥ ገመዳቸው ከመሣሪያው የሚላቀቅ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲለወጥ ማንበቢያውን መጣል አያሻም፤ የዩኤስቢ ገመዱን ብቻ ገዝቶ፥ በመጽሐፉ ላይ የታተመውን የማስተካከያ ባርኮድ ማስነበብ ይበቃል። ወደ ሴሪያል የሚለወጥ እንደ ሆነ ግን ለብቻው የኤሌክትሪክ ምንጭ ሊፈልግ ይችላል።

የገንዘብ መሳቢያው ገመድ ጫፉ የስልክ ገመድ ስለሚመስል ጉዳት ይደርስበታል። የሚሰካው በደረሰኝ ፕሪንተሩ ጀርባ ነው፤ በብዙዎቹ ፕሪንተሮች መሳቢያውን የሚከፍተው ኃይል 24 ቮልት ነው። ስልክ በዚህ መሰኪያ ላይ መሰካት፥ ወይም የመሳቢያውን ገመድ በሌላ መሰኪያ መሞከር አይገባም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 139 መሠረት የተተከለውን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት የሚሻ ደግሞ ወደ አቅራቢው ይሂድ፤ ማኅተሙን በግሉ ማንም አይንካው።

ስለ ስክሪን በአጭሩ፥ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ በማዕበል፥ ኤችዲኤምአይ ደግሞ በቁጥር ስለሚናገሩ፥ በመካከላቸው ቺፕ የሌለበት ቀጥታ ገመድ አይሠራም። መለወጫውም ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ ወደ ስክሪኑ የቱ ወደ የቱ እንደሆነ ሳይጠየቅ አይሸጥ። ክቡን የኪቦርድና የማውስ መሰኪያ ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ መንቀልና መሰካት አይገባም። የፓራሌሉም እንዲሁ ነው።

ከአሜሪካ ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጡ የኤሌክትሪኩን ሰሌዳ እንዲያነቡ እናሳስባለን። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ፕሪንተር ግን ያለ ትራንስፎርመር በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። በቆዩ ኮምፒዩተሮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የተጻፈባት ቀይ መቀያየሪያ ካለች፥ ከመሰካት በፊት ወደ 230 ትዙር።

ትእዛዝ የሚልክ አስመጪ እንግዲህ በደብዳቤው ላይ የቺፑን ስምና ሞዴል፥ ጫፉ ወንዴ ወይም ሴቴ መሆኑን፥ የእግሩን ቁጥር፥ ቀጥታ ወይም የተሻገረ መሆኑን፥ የገመዱን ርዝመትና የሚሠራበትን የዊንዶውስ ዐይነት ዘርዝሮ ይጻፍ። ርዝመቱን በሚመለከት፥ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከ5 ሜትር በላይ እንዳይታዘዝ፤ ርቀት የሚያስፈልግ ከሆነ የሚረዝመው በሴሪያሉ ወገን ነው። ኤል ሲ ከመከፈቱ በፊትም ሦስት አራት ናሙና አስመጥቶ፥ አንዱን በዊንዶውስ 7፥ አንዱን በዊንዶውስ 11 ላይ፥ ከእውነተኛ ሚዛን ጋር ቀኑን ሙሉ ሲሠራ አውሎ ይመልከተው።